ውሉን ከመፈረሜ በፊት

አሳታሚው ሲደውልልኝ ችሎት ውስጥ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ በአንድ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ያኔ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የእኔ ጸሐፊነት ምስክር የሚናገረውንና ዳኛ የሚያዘውን እየሰሙ መተየብ ነው፤ ከራስ መጨመር የለም። የዚያን ዕለት የእርሻ ድንበር ክርክር እየተሰማ ሳለ ስልኬ ጭኔ ላይ ነዘረ። ትቼው ቀጠልኩ። እንደገና ነዘረ። በጎን ሳየው የአዲስ አበባ የቢሮ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ምስክሩ ምን እንዳለ አላስታውስም። ቃሉን አንድም ሳላጓድል መተየቤን ያወቅሁት ኋላ ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ነው።

ለእረፍት ስንወጣ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ መልሼ ደወልኩ።

"ረቂቅዎን አንብበን ጨርሰናል" አለኝ የድርጅቱ ኃላፊ። የረጋ፣ የጎልማሳ ድምፅ ነው። "እናሳትመዋለን።"

"ለምን?" አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ሳቀ። "ምዕራፍ ሰባት! እሱ ነው መጽሐፉ። ያቺ ልጅ ሕፃኗን ጥላ ከወጣች በኋላ ልትመለስ ስትመጣ ወንዙ ሞልቶ የሚያግዳት ጊዜ... አርታኢያችን እያለቀሰች ነው የጨረሰችው። እንዲያውም ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ እናምጣው እያልን ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው አይደል?"

"ከእውነት የተነሳ ነው" አልኩ ሳላስብ።

"በጣም ጥሩ። ሽፋኑ ላይ እንጽፈዋለን።"

ውሉን በቴሌግራም እንደሚልክልኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈርሜ ካልመለስኩ ግን የዓመቱ ዕቅዳቸው እንደሚሞላ ነገረኝ። ስድስት ዓመት የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው። በምሳ ሰዓት የቢሮው በር ተቆልፎ እየተየብኩ፣ እሑድ እሑድ እያረምኩ የጨረስኩት። አዲስ አበባ ለሥልጠና የሚሄድ የሥራ ባልደረባዬን አስይዤ ከላክሁት ስምንት ወር አልፎታል፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ግንዱን ተደግፌ ቆምኩ።

ምክንያቱም ምዕራፍ ሰባት የእህቴ ነው።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ስለነበር ያሳደገችኝ እሷ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ዳሯት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሴት ልጅ ከወለደች ከዓመት በኋላ፣ ባሏን ጥላ አክስታችን ቤት ገባች። ሕፃኗ እዚያው የባሏ እናት ዘንድ ቀረች። ከአራት ወር በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ልጅቷን አመጡላት። ቤታችን ውስጥ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው በአንድ መንገድ ነው፤ የባሏ ወገኖች ጨክነው አራት ወር ሙሉ ልጇን ከለከሏት።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስማር ታይፎይድ ታመምኩ። እታለም ስንቅ ይዛ መጣችና አንድ ሳምንት አስታመመችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልልኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ማንም አልከለከለኝም እኮ" አለችኝ ድንገት። "በሁለተኛው ቀን ልወስዳት ሄጄ ወንዙ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ሳልሻገር ተመለስኩ።" ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ተነስቶም አያውቅ።

ልብ ወለዱን ስጽፍ የመንደሩን ስም ቀየርኩ፣ ሰዎቹን ቀየርኩ። ወንዙ ዳር ያለችው ልጅ ግን ለምን እንዳልተሻገረች ማስረዳት ነበረብኝ። ወሩን ነሐሴ አደረግሁና ወንዙን ሞላሁት። ስጽፈው ራሴም አልቅሻለሁ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ይጁቤ ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ደብተር ትሸጣለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። የእህቴ ልጅ ትሁን እንጂ በአምስት ዓመት ብቻ ስለምበልጣት አንድ መደብ ላይ ተኝተን፣ አንድ ደብተር ለሁለት ገምሰን ነው ያደግነው። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የእኔን መጽሐፍ ደግሞ ከማንም ቀድማ እንደምታነብ የታወቀ ነው።

ውሉ እጄ የገባው በአራተኛው ቀን ነው። በዚያ ሰሞን የስልክ ዳታ ጠፍቶ ስለነበር ዋይፋይ ያለው አንድ ሆቴል ሄጄ ነው ያወረድኩት። አትሜ ለባለቤቴ አሳየሁት። የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁሉንም ነገር ቁጭ ብሎ ያሰላል።

"ምን ቸገረሽ? ፈርሚ" አለ። "እነሱ ያርማሉ፣ እነሱ ያትማሉ፣ እነሱ ያከፋፍላሉ። አንቺ ራስሽ ብታሳትሚ ማን ነው ተሸክሞ የሚዞረው? ያንን ጠበቃ አታይውም?"

ጠበቃው የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ ያሳተመ የፍርድ ቤታችን ሰው ነው። ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ሦስት አራት ቅጂ አይጠፋም። እሱ ሲመጣ ሰዎች ስልክ እንደሚያናግር ሰው ሆነው ዘወር ይላሉ። እኔም ዘወር ብዬ አውቃለሁ።

"አንቀጽ አምስትን አየኸው?" አልኩት። የመጽሐፉን ርዕስ፣ ሽፋንና የመጨረሻ አርትኦት የሚወስነው አሳታሚው ነው ይላል። አንቀጽ ስድስት ደግሞ ከፊርማው በኋላ ደራሲው ያለ አሳታሚው ፈቃድ ጽሑፉን መለወጥ እንደማይችል። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ሳይነበብ ተፈርሞ ስንት ሰው ችሎት ፊት ሲቆም አይቻለሁ።

"ምን ትለውጫለሽ? አልቋል እኮ።"

ውሉን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የእህቴን ነገር ለእሱም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ምግብ እምቢ አለኝ። ቢሮ ስተይብ ዓይኔ ከስልኩ አይነቀልም። አንድ ጊዜ የተከሳሽን ስም በከሳሽ ቦታ ጻፍኩና ዳኛው፣ "ዛሬ ምን ነካሽ?" አሉኝ። የቀሩኝ ቀኖች አሥር ሲሆኑ ረቂቁን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ እታለም ለመሄድ ወሰንኩ። እሷ ማንበብ አትችልም። ራሴ አነብላታለሁ፤ እሺ ካለች እፈርማለሁ፣ እምቢ ካለች... እሱን አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት መነኸሪያ ሄድኩ። "መንገዱ ሰላም ነው?" የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ረዳቱ፣ "ትናንት ሰላም ነበር" አለ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ይጁቤ ስደርስ በእህቴ ልጅ ሱቅ በኩል ላለማለፍ በገበያው ጀርባ ዞርኩ። አብረን ካደግን ወዲህ ከእሷ ስደበቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እታለም ከሁለተኛ ባሏ ጋር የምትኖረው ከይጁቤ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ነው። ስደርስ ባሏ እርሻ ውሎ ነበር፤ እሷ ለፋሲካ ቤቱን እየመረገች ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ከግድግዳው ሥር ተከምሯል፤ እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው። በክንዷ ጀርባ አቅፋ ሳመችኝ።

"በደኅና ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው። ያንን መጽሐፍ ላነብልሽ ነው የመጣሁት።"

"ያንን የቆየውን? አለቀ እንዴ? በይ አንብቢ። እኔ እየመረግሁ እሰማለሁ፤ ጭቃው ከደረቀ ይበላሽብኛል።"

ከኋላዋ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እየሳቀች ነው የሰማችው። ስስታሙ ሽማግሌ ላይ ስደርስ ጭቃውን ግድግዳው ላይ በጥፊ መታችና፣ "አጎታችን ነው! ቁርጥ እሱን!" አለች። ስሙን ብቀይረውም አውቃዋለች። ሌላውንም ሁሉ ታውቀዋለች ማለት ነው።

ምዕራፍ ሰባትን ጀመርኩ። ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ስትወጣ፣ የሕፃኗን ትንፋሽ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሰማ፣ በሁለተኛው ቀን ስትመለስ፣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እየጠረገ ሲወርድ። አነበብኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ስጨርስ የጭቃው ድምፅ መቆሙን አስተዋልኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች ቆማለች።

"ወንዙ ሞላ ብሎ ማን ነገረሽ?" አለች።

"ማንም። እኔ ነኝ። ልብ ወለድ ስለሆነ..."

"ሚያዝያ ነበር። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ፍየሎች ወዲያና ወዲህ ይሻገሩ ነበር።"

ረቂቁን ወደ ፌስታሉ መለስኩት።

ዞር ብላ የተመረገው ግድግዳ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭቃው እጇ ላይ መንጣት ጀምሯል። "ጡቴ እያፈሰሰ ቀሚሴ ርሷል። ብሻገር ለምሳ እደርሳለሁ። ግን ከተሻገርኩና ካየኋት ያንን ቤት ዳግመኛ እንደማልወጣ አውቄዋለሁ። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ አክስታችን ቤት ተመለስኩ። ሰው አልከለከለኝም። ወንዝም አልከለከለኝም። አክስታችን 'ልጅሽስ?' ስትለኝ 'ከለከሉኝ' አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ተቀበለኝ፤ እኔም ያዝኩት።"

"እታለም፣ ከፈለግሽ ምዕራፉን አወጣዋለሁ።"

"መጽሐፉ ያለዚያ ይሆናል?"

"አሳታሚው እሱ ነው መጽሐፉ ብሎኛል።"

ከእጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች። "ከጻፍሽው እንደነበረው ጻፊው። ካልሆነ አውጪው። ውሸት ላይ ሌላ ውሸት ግን አትደርቢብኝ፤ አንዱን ተሸክሜ ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል።" ቀጥላም፣ "ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ" አለች። "እሷ ትችላለች። ከወረቀት ላይ አትስማው። መጀመሪያ እኔ ልንገራት።"

"መቼ?"

"እንጃ። እስክነግራት አታሳትሚው።"

ተነስታ መምረጓን ቀጠለች። የቀረውን መጽሐፍ እንዳነብላት አልጠየቀችኝም።

ሰኞ ጠዋት ለአሳታሚው ደወልኩ። ምዕራፍ ሰባትን ማስተካከል እንደምፈልግ፣ ወንዙ መሙላት እንደሌለበት፣ ጥቂት ወር እንዲታገሱኝም ለመንኩ። ምክንያቱን በሙሉ አልነገርኩትም። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

"እህቴ፣ ልረዳዎት እፈልጋለሁ" አለ። "አንባቢ ግን ልጇን ጥላ የሄደችን ሴት ይቅር የሚላት ምክንያት ሲያገኝ ነው። ወንዙ ነው ምክንያቷ። ወንዙን ካደረቁት ይጠላታል።"

"እውነቱ ግን ደረቅ ነበር።"

"ልብ ወለድ ነው እኮ።"

"ሽፋኑ ላይ እውነተኛ ታሪክ ልትሉበት ነው እኮ።"

ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት። ከዚያ፣ "ያንን ልናወጣው እንችላለን" አለ። "ወንዙ ግን ይቆያል። ጊዜውንም ማራዘም አልችልም፤ ተራ የያዙ ሌሎች አሉ። እስከ ቀነ ገደቡ ያስቡበት።"

ስምንት ቀን ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን የይጁቤ መንገድ ተዘጋ። በአራተኛው የእታለም ሰፈር ስልክ መጥራት አቆመ። ነግራት ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም። በየሰዓቱ እደውላለሁ፤ ያቺ የተቀዳች ሴት፣ "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች። የእህቴ ልጅም ስልክ እንደዚያው ነው። ብፈርም ደግሞ ማን ይከለክለኛል እያልኩ አስብ ነበር። ጥፋቱን በከፊል ለመንገዱ፣ በከፊል ለኔትወርኩ እሰጠዋለሁ፤ "ላገኝሽ ሞክሬ አጣሁሽ" እላታለሁ። ይህን አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሥራ መልስ ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ "ይህን ሁሉ ለብቻሽ ነው የያዝሽው?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ፈርሚም አትፈርሚም አላለኝም። ይበልጥ ፈራሁ፤ እስከዚያ ድረስ ቢያንስ እሱ የሚያዘኝ ነበር።

አልፈረምኩም። በማግሥቱ ደውዬ ነገርኩት። "ያሳዝናል" አለ አሳታሚው፤ ከልቡ ነበር። "መልካም ዕድል።" ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የፍርድ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በውኃ ድምፅ ተሸፍኜ አለቀስኩ። ትክክለኛውን ነገር ያደረገች ሴት እንደዚያ አታለቅስም ብዬ አስብ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ የመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ የፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የሱቋን ሰማያዊ ጋውን እንደለበሰች ነው የመጣችው።

"ነገረችኝ" አለች።

ባለጉዳዮች እየገፉን ያልፋሉ። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳት።

"ስንት ዓመት ነው የምታውቂው?"

"አሥረኛ ክፍል ከነበርኩበት ጀምሮ።"

"አባቴ ሲሞት ወገኖቹ ሰው ልከውብኝ ነበር። 'ልጁ ናት፣ መጥታ ትቅበረው' ብለው። ምን ብዬ እንደመለስኳቸው ታስታውሻለሽ። አጠገቤ ነበርሽ።"

አጠገቧ ነበርኩ። "እናቴን ልጇን የከለከሉ ሰዎች ደጅ አልረግጥም" ነበር ያለችው። የመጣው ሽማግሌ ዱላውን አንስቶ አንድ ቃል ሳይመልስ ሄደ። እኔም አንድ ቃል አልተናገርኩም።

"የእኔ አልነበረም ለመናገር" አልኳት። "የእናትሽ ነበር።"

"ለመጻፍ ግን የአንቺ ሆነ?"

ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"የነገረችኝ ለእኔ ብላ መስሎሻል? ለመጽሐፍሽ ነው። መጽሐፍ ባይኖር ይዛው ትቀበር ነበር።" ድምጿ ከፍ አላለም፤ ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ ዋጋ እንደምትናገር ነበር። "እናቴን እኔ አውቃታለሁ፤ ልጅ ነበረች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷን እችላለሁ። አንቺን ነው ያቃተኝ።"

ሄደች። ችሎት ገብቼ ተየብኩ።

አራት ወር አላናገረችኝም። ወደ እናቷም ዘንድ ብዙ ሳምንት አልሄደችም፤ ስልክ ሲሠራ እታለም ይህንን በአጭሩ ትነግረኝና፣ "ተያት፣ ትመጣለች" ትለኛለች። እኔ ግን አንድ ቤት ያፈረስኩ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ ያውም አሳታሚም መጽሐፍም ሳይኖረኝ።

በእነዚያ ወሮች ምዕራፍ ሰባትን እንደገና ጻፍኩት። ወሩን ሚያዝያ አደረግሁ፤ ፍየሎቹን አስገባሁ። የሞላው ወንዝ አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ ይህኛው አራት ገጽ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ ለእታለም ወስጄ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስጨርስ፣ "አዎ" አለች። ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ሌላ አሳታሚ ልፈልግ ወይስ ራሴ ላሳትም የሚለው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነ። ሌላ አሳታሚም ያንኑ ሊለኝ ይችላል፤ ሌላ ስምንት ወር ጠብቄ። ራሴ ካሳተምኩ ቃሉ የእኔ ነው፤ ስህተቱም፣ ተሸካሚነቱም የእኔ። አንድ ቀን ጠበቃውን ራሴ ቢሮው ድረስ ሄጄ አንድ ቅጂ ገዛሁትና ምክር ጠየቅሁት። ደንግጦ ወንበር ጠረገልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ወረቀት ዓይነት፣ ስለ ማተሚያ ቤቶች፣ ስለ አከፋፋዮች አስረዳኝ። "አምስት መቶ አትሚ፣ ከዚያ አትለፊ" አለኝ። "እኔ ሁለት ሺህ ነው ያተምኩት። ልጆቼ አልጋቸው የቆመው በእሱ ላይ ነው።" ስቆ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ለማተሚያ ቤቱ ከመላኬ በፊት ለእህቴ ልጅ አራቱን ገጽ በፖስታ አሽጌ በሚኒባስ ላክሁላት። "አይሆንም ካልሽ አላሳትመውም" ብዬ ጻፍኩበት። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በየቀኑ የስልኬን መልእክት እከፍታለሁ። በመጨረሻ መልእክቷ መጣ፤ "አሳትሚው። ፖስታውን አልከፈትኩትም። አላነበውም።"

ይህ ፈቃድ ይሁን ቁጣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አሳተምኩት።

ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ጨርሶ ሲደውልልኝ መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ነበር። አምስት መቶ መጽሐፌ አዲስ አበባ አንዲት ዘመዳችን ቤት ኮሪደር ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጠ። ዝናብ ያስገባ ይሆን፣ አይጥ ይበላው ይሆን እያልኩ ሴትዮዋን በስልክ አሰለቸኋት። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ መነኸሪያው ውስጥ አንዱን ካርቶን በቁልፌ ቀድጄ ከፈትኩ። የጀርባ ሽፋኑ ላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ፊደል ተገድፏል። ራሴ አራት ጊዜ ያረምኩት ገጽ ነው። ባለቤቴ፣ "ማንም አያየውም" አለ። መጀመሪያ የገዛኝ ሰው መጀመሪያ ያሳየኝ እሱን ነው።

መጽሐፉ ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥሬን አትሜ ስለነበር የማላውቃቸው ሰዎች ይደውሉልኛል። አንድ ከሞጣ የደወለ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ "ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት እናት ናት?" ብሎ ጮኸብኝ። አሳታሚው ትክክል ነበር ማለት ነው። አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ ደውላ፣ "እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ዘጋች። ስልኩ በጠራ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ከማንሳቴ በፊት እቀመጣለሁ።

ከጥምቀት በኋላ እታለም ስትደውልልኝ የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር ወንዙን ተሻግራ ለአባቷ ወገኖች ልቅሶ መድረሷን ነገረችኝ። አባቷ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። አክስቶቿ አልቅሰው እንደተቀበሏት፣ ከእነሱ ዘንድ እንዳደረች ሰማሁ። እዚያ ስለ ምን እንዳወሩ እታለምም አታውቅም።

በመጋቢት ለሥራ ጉዳይ ይጁቤ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ በገበያው ጀርባ አልዞርኩም። ሱቋ ስገባ የአንድ ገበሬ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እያነሳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና በአገጯ ወንበሩን አመለከተችኝ። ተቀመጥኩ። ከደብተሮቹና ከእስክሪብቶዎቹ መካከል፣ መደርደሪያው ላይ፣ መጽሐፌን አየሁት። ሁለት ቀርቷል። ከደብረ ማርቆስ መጽሐፍ ሻጭ ሄዳ ራሷ እንደገዛች ያወቅሁት የዋጋ ወረቀቱን ሳይ ነው።

ገበሬው ሲወጣ፣ "ልጆቹ ደኅና ናቸው?" አለችኝ።

"ደኅና ናቸው።"

"መምህራኑ ይጠይቁኛል፤ ሊያልቅብኝ ነው" አለች ወደ መደርደሪያው ሳትዞር። "አምስት ላኪልኝ። ከሻጩ ዋጋ ቀንሺልኝ ደግሞ።"

አንብባው እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ናት፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ፈልጋ። የእህቴ ልጅ ተነስታ አወረደችላት። እኔም ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ።

አምስቱን ቅዳሜ ላክሁላት።